እውነተኛው ሰማንያ

ሰው ጥፋቱን የሚያሸክመው አንድ ነገር አያጣም። ሹፌሩ መንገዱን ያማርራል፣ ተማሪው መምህሩን ያማል፤ ቸኮለ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሜትሮኖሙን በብብቱ ሸጉጦ፣ ጊታሩን በጀርባው አዝሎ፣ ሰዓት ቤት ድረስ ክሱን ይዞ መጣ።

ቸኮለ የወጣለት ስም አይደለም። የወጣለትን ስም የሚያስታውሱት እናቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። መስታወት ቆራጭ ነው፤ መስታወት ደግሞ የሚያመነታ እጅ አይወድም። መቁረጫውን አሳርፈህ በአንድ ትንፋሽ ጭረቱን ካላወረድክበት በፈለገው መንገድ ይሰነጠቃል። ዐሥር ዓመት ሙሉ በፈጣን እጁ ሲመሰገን የኖረ ሰው፣ ሲበላም ሲራመድም ሲያወራም ያው ሆነ። የሥራ ጓደኞቹ ስሙን አወጡለት፣ ሰፈሩ አጸደቀው።

ሰዓት ቤቷ ከደረጃ ሥር የተወሸቀች፣ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ጠባብ ሱቅ ናት። ግድግዳዋን ዙሪያውን ሰዓት ሸፍኖታል። ከባንኮኒው ኋላ ወጣቷ ሰዓት ሠሪ ማጉያ መነጽሯን ቀኝ ዓይኗ ላይ ሰክታ በወረንጦ አንዲት ብሎን ታነሳለች። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ አባቷ አሉ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ አሁን የሚነኩት ትልልቅ የግድግዳ ሰዓት ብቻ ነው። ሰው ሲያወራ ግማሹን ይሰማሉ፤ የቀረውን ግማሽ ከራሳቸው ይጨምሩበታል።

«እህት፣ ይሄ ነገር ታሟል» አለ ቸኮለ፣ ገና በሩን ሳያልፍ።

ከእንጨት የተሠራ፣ አናቱ የሾለ ሣጥን ነው። ፊቱ ላይ ቀጭን ብረት ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ሙዚቀኛ ሲለማመድ ምቱን የሚጠብቅበት ነው። ብረቱ ላይ አንዲት ተንሸራታች ክብደት አለች። ወደ ላይ ስትገፋ ምቱ ይዘገያል፣ ወደ ታች ስትወርድ ይፈጥናል። ከኋላው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ቁጥሩ ተጽፏል።

«ምኑን ነው የታመመው?»

«ይንቀረፈፋል። ደግሞ መሀል ላይ ሲደርስ ይጎተታል። እኔ እቀድማለሁ፣ እሱ ይቀራል።»

ሰዓት ሠሪዋ ሞላውን አጥብቃ፣ ክብደቷን ሰማንያ ላይ አቆመችና የእጅ ሰዓቷን አወለቀች።

«አንድ ደቂቃ ዝም በልልኝ።»

አንድ ደቂቃ ቀላል ይመስላል። ቸኮለ ግን በዐሥረኛው ሰከንድ እግሩን ቀየረ፣ በሃያኛው ኪሱን ዳበሰ፣ በሠላሳኛው የሚያደርገው ሲያጣ እሷን ማየት ጀመረ። እሷ ዓይኗን ከሰዓቷ አላነሳችም፤ መታየቷን ግን ጉንጯ ነገራት። አርባ ሰባተኛው ላይ ቁጥሩ ሊጠፋባት ምንም አልቀረም።

«ሰማንያ» አለች በመጨረሻ። «አንድ አልጎደለ፣ አንድ አልተረፈ።»

«እና ማነው የታመመው?»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። እስቲ ጊታርህን አውጣው።»

ተጫወተ። አጀማመሩ ልብ ይወስድ ነበር። ዘጠነኛው ድምፅ ላይ ሲደርስ ግን ትከሻው ወደ ጆሮው ወጣ፣ ፒኳን፣ ያቺን ጥፍር የምታህል የፕላስቲክ መምቻ፣ ጥፍሩ እስኪነጣ ጨመቃት፤ ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ተጠላለፈ ክር ሆነ። ሲጨርስ ሜትሮኖሙን በቁጣ አየው።

«ሙዚቃ አላውቅም» አለች። «እጅ ግን አውቃለሁ። ና፣ ይህችን አንሳ።»

ወረንጦውን ሰጠችውና የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ብሎን ፊቱ አስቀመጠች። ቸኮለ ጨበጠ፤ ብሎኗ ተስፈንጥራ ጠፋች። ሁለቱም ተንበርክከው ወለሉን ሲያስሱ ግንባራቸው ሊጋጭ ደረሰ።

«ስንተኛዋ ናት?» አሉ አባቷ ከመጋረጃው ጀርባ።

«የመጀመሪያዋ ናት አባዬ!»

«ገና ነዋ!»

ብሎኗ ተገኘች። ሰዓት ሠሪዋ ራሷ አንስታ አሳየችው። «አየህ? ብታጠብቃት ትፈናጠራለች፣ ብታላላት ትወድቃለች። የምትይዛት እንዳትወድቅ ያህል ብቻ ነው። እጅህ ይህን እንዲማር ደግሞ ምቱን አውርድለት። ከአርባም፣ ከሃምሳም ጀምር።»

«ከሰማንያ በታች አልወርድም።»

«ለምን?»

«ፈተናው በሰማንያ ነው። ከዚያ በታች የሕፃናት ነው።»

«ቀስ በቀስ...»

«እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። አውቃለሁ። እናቴ በየጠዋቱ ታስታውሰኛለች።»

ከዚያ፣ ሳያስበው መሰለኝ፣ ሆዱ ያለውን ዘረገፈው። የአንድ ሆቴል ባንድ ጊታር ተጫዋች ይፈልጋል። ሁለት ጊዜ ተፈትኖ፣ ሁለቱንም ጊዜ ዘጠነኛው ድምፅ ላይ ተበላሽቶበታል። የባንዱ መሪ ‹ከሦስት ወር በኋላ ና፤ ከዚያ ወዲያ ግን አትልፋ› ብሎታል። ይህን ሲናገር ድምፁ ያለወትሮው ቀስ አለ፤ ሰዓት ሠሪዋን አንጀቷን የበላትም እሱ ነው። መስታወት መቁረጡን አይጠላም። ግን ሲጫወት ያየችው ፊት፣ ከዘጠነኛው ድምፅ በፊት ያለው፣ ሌላ ሰው ነበር። ያንን ሰው ደግማ ልታየው ፈለገች።

«ተወው እስከ ሰኞ» አለችው። «ዘይት ልቀባው።»

አሁን የምነግራችሁን አባቷ እንዳይሰሙ። እኚህ ሰው በሕይወታቸው አንድ ሕግ ነበራቸው፤ «የቆመ ሰዓት ነውር የለበትም፤ የሚዋሽ ሰዓት ግን ቤት ያፈርሳል» ይላሉ። ከዚህ ቤት ሰከንድ የሳተ ሰዓት ወጥቶ አያውቅም። ልጃቸው ግን የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ እሳቸው ሸለብ ሲያደርጋቸው፣ መበየጃዋን አሙቃ ከሚወዛወዘው ብረት ጫፍ ጀርባ የምስር ፍሬ የምታህል እርሳስ ጠብ አደረገችበት። ጫፉ ሲከብድ ምቱ ይዘገያል። ፋቀች፣ አዳመጠች፣ ደግማ ፋቀች፤ ጆሮዋ ‹በቃ› ሲላት አቆመች። ክብደቷን ሰማንያ ላይ አድርጋ ስትቆጥር ስልሳ መታ።

አይወርድም ካለ፣ መሬቱን ወደ እሱ ከፍ ማድረግ ነው ብላ ራሷን አጽናናች።

ሰኞ ጠዋት ቸኮለ እያለከለከ ደረሰ። ሜትሮኖሙን አስነሳችለት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

«ጎሽ! አሁን ቀጥ ብሎ ይሄዳል» አሉ አባቷ ከውስጥ።

ቸኮለ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ፣ ከዚያ መጋረጃውን፣ ከዚያ እሷን። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው።

«ዘይት ቀባሁት» አለች ወረንጦዋን እያየች።

«እሺ» አለ ቸኮለ።

እሺ ብቻ ብሎ ሲወጣ ሰዓት ሠሪዋ ገረማት። ይህ ሰው በአንድ ቃል የሚያልፈው ነገር አለ ለካ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ልማድ ሆነ። ሰበቡ ‹ሞላውን እዪልኝ› ነው፤ ሞላው ምንም አልሆነም። ጊታሩን ይዞ ከባንኮኒው ጎን ያለችው ዱካ ላይ ይቀመጥና የሳምንቱን ያሳያታል። መጀመሪያ አንድ ክር ብቻ ነበር። ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ። ፒኳ ክሩን በጫፏ ነክታ ብቻ ታልፋለች፤ ከጠለቀች ትያዛለች፣ ርቃ ከሄደች ለመመለስ ጊዜ ይፈጅባታል። ስህተት ከመጣ እንደገና ከመጀመሪያው። ትከሻ ከተነሳ ይወርድና እንደገና ከመጀመሪያው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአራት ድምፅ አላለፈም፤ እሷም አራቱን ድምፅ ሥራ ላይ ሆና ሳታስበው ማንጎራጎር ጀመረች።

«ይሄ ልጅ ሌላ ዘፈን አያውቅም?» አሉ አባቷ።

«ቀስ እያለ ነው አባዬ።»

«ማን? ቸኮለ?» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ።

በአምስተኛው ሳምንት እጁ ላላ። በሰባተኛው ዘጠነኛውን ድምፅ እንደ ማንኛውም ድምፅ አለፈው፤ ሲያልፈው ሁለቱም እኩል ትንፋሻቸውን ለቀቁና ተያዩ። እሷ ማጉያዋን መልሳ ዓይኗ ላይ አደረገች፤ ፊቷ ያለው ሰዓት ግን ተከድኖ ነበር፤ ክዳኑን ነው በማጉያ የምታየው።

አንድ ቅዳሜ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አመጣ። ግድግዳው ላይ አንድ ፊቱ የተሰበረ አሮጌ ሰዓት ነበረ፤ መስታወት አጥቶ ለዓመታት አቧራ የጠጣ። ቸኮለ ዓይኑን ብቻ አምኖ ልኩን ወስዶለታል። ክቡ መስታወት ሳይፋቅ ሳይገፋ ልክክ አለ።

«ሁለት ሰበርኩ» አለ እያፈረ። «ላንቺ ነው ብዬ ቀስ ብል ተሰነጠቀብኝ። ሦስተኛውን እንደ ድሮዬ ቆረጥኩት።»

«ለሁሉም ጊዜ አለው ማለት ነው» አለች። ልቧ በምን ፍጥነት እንደሚመታ በሜትሮኖም ቢለካ ቁጥሩ አይበቃም ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ወሩ አለቀ። ፈተናው ሰኞ ሊሆን ሐሙስ ዕለት፣ ቸኮለ ከጓደኛው ጋር ትልቅ የመስኮት መስታወት ተሸክሞ በበሩ ሲያልፍ አንገቱን አስገባ።

«ጨረስኩት!» አላት። «ሰማንያን። ንጹሕ አድርጌ።» መስታወቱ አያስቆምም፤ አለፈ።

ሰዓት ሠሪዋ ወረንጦዋን አስቀመጠች። ሰማንያ? የትኛውን ሰማንያ? ሰኞ የባንዱ መሪ በእውነተኛው ሰማንያ ቆጥሮ ሲያስነሳው፣ ይህ ሰው በስልሳ የሠራውን እጅ ይዞ ይሮጣል፤ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፤ ዘጠነኛው ድምፅ ላይ ይወድቃል። ከዚያ ወዲያ ሌላ ፈተና የለም። ጥፋቱም የእጁ አይደለም፣ የሷ ነው። ልትነግረው ያሰበችበት ቀን ብዙ ነበር፤ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ‹ይሄ ቅዳሜ ይለፍ› እያለች ነው እዚህ የደረሰችው። የቅዳሜ ስስት ያዛት እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

ቅዳሜ ሲመጣ እንዲቀመጥ እንኳ አልጠበቀችም።

«ሰማንያው ውሸት ነው» አለችው።

«ምን?»

«ሰማንያው ውሸት ነው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ሆን ብዬ። አልወርድም ስላልክ...»

መጋረጃው በአንድ ጊዜ ተገለጠ። አባቷ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ እንደወጣ ቆመዋል።

«የማን ሰማንያ ነው ውሸት?» አሉ። «መቼ ተፈራረማችሁ? እኔ ሳልሞት?»

የሱቋ ሰዓቶች ሁሉ አንድ ላይ የቆሙ መሰላት። ለሙዚቀኛ ሰማንያ የምት ቁጥር ነው፤ ለአባት ደግሞ የጋብቻ ወረቀት። የቸኮለ ፊት በርበሬ መሰለ።

«አባዬ፣ እንደሱ አይደለም፤ ምቱ ነው...»

«አባባ፣ እኔ...» አለ ቸኮለ። ሰዓት ሠሪዋን አየ። በዚያ አስተያየቱ ሳቅ አልነበረም። «ሆን ብለሽ?» አላት ቀስ ብሎ።

አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች። ቸኮለ ጊታሩን አነሳ፣ ሜትሮኖሙን ብብቱ ሥር አደረገ፣ ለአባቷ እጅ ነሥቶ ወጣ።

ለአባቷ ሁሉንም ከሥሩ አስረዳቻቸው። ምስሯንም፣ መበየጃውንም። ጨርሰው ከሰሙ በኋላ ዱካዋ ላይ ተቀመጡ።

«ተፈራርመሽ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ትወጂዋለሽ?»

«እወደዋለሁ።»

«እንግዲህ ቤት ያፈርሳል ያልኩሽ የሚዋሽ ሰዓት ይሄ ነው» አሉና ሌላ አልጨመሩም።

ሰኞ መጣ። ምን ሰዓት ላይ እንደሚፈተን ታውቅ ነበር፤ በዚያ ሰዓት የያዘችውን ሁሉ ትታ እጇን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። ማክሰኞ የእግር ኮቴ በሰማች ቁጥር ቀና አለች። ቸኮለ ቢያልፍ ይቅርታ የምትልበትን ቃል አዘጋጅታለች፤ ያለፈ ግን የለም። እሱ ጥሏት ቢሄድም እጁ ብቻ ይዳንለት ብላ ለመነች።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ አንድ ሰው ደረጃውን ቀስ ብሎ ሲወርድ ተሰማ።

«ማነው እሱ?» አሉ አባቷ። «ኮቴውን አላወቅሁትም።»

ቸኮለ ነበር። ሜትሮኖሙን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«ታመመ?» አለች።

«አልታመመም። ይመስክርልኝ ብዬ ነው። ከብረቱ ኋላ ተመልከቺ።»

ማጉያዋን ሰካች። ከመቶ ቁጥር ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ፀጉር የሚያህል መስመር በመጻፊያ እርሳስ ተሰምሯል። እዚያ ላይ ክብደቷን አቁማ ሞላውን አጠበቀች፣ የእጅ ሰዓቷን አወለቀች። ደቂቃዋ እስክታልፍ ቆጠረች።

«ሰማንያ» አለች። «እውነተኛው ሰማንያ ነው። እንዴት?»

«ሰኞ፣ ያኔ መጀመሪያ፣ እዚህ ቆሜ ነው የሰማሁት። ሰማንያ ላይ አቁመሽው ከግድግዳው ሰዓት ጋር እኩል ይሄድ ነበር። ሰከንድ በሰከንድ። ሰማንያ ከሰከንድ ጋር እኩል ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሰዓት ሠሪዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሃምሳ አምስትም፣ ስልሳ አምስትም ማድረግ ትችል ነበር። ልጅነቷን ሙሉ ሰከንድ ሲቆጥር የኖረ ጆሮ ግን ‹በቃ› ያላት ስልሳ ላይ ነው፤ ሰዓት በሞላበት ቤት ውስጥ ማንም ሊይዘው በሚችለው ቁጥር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አባትሽ ከመጋረጃው ጀርባ ነበሩ። ዘይት ስትቀቢው የሳትሽ መሰለኝ። ከዚህ ቤት የሳተ ሰዓት ወጣ ብዬ እንዴት ላዋርድሽ? ላርመው ብል ደግሞ እጅሽ የነካውን መንካት ነውር መሰለኝ። ስለዚህ እንዳለ ተለማመድኩበት። በስልሳ። ሰው ለምኖ ያላወረደኝን አንቺ ሳትለምኚ ወረድኩልሽ። ስልሳው ሲጠራልኝ ቤቴ ሆኜ ክብደቷን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያወረድኩ እውነተኛው ላይ ደረስኩና ምልክት አደረግሁበት፤ ቅዳሜ ግን ላንቺ በስልሳው ነበር የምጫወተው።»

«ታዲያ ቅዳሜ ለምን ጥለኸኝ ሄድክ?»

«ተናድጄ ነበራ። ሦስት ወር ሙሉ ስሸፍንሽ፣ ለካ አንቺ ሆን ብለሽ ነው የሸወድሽኝ። እሑድ ሳስበው ግን ብቻዬን ሳቄ አመለጠኝ። ሰኞ ፈተና፣ ማክሰኞ ከባንዱ ጋር ልምምድ ሆነና ዛሬ ገና መተንፈሴ ነው።»

«ከባንዱ ጋር?»

«ወሰዱኝ። አንድ ስህተት ነበረች፤ አልሮጥኩባትም፣ አሳለፍኳት። መሪው እጄን አይቶ ‹ይህን እጅ ማን ሠራልህ?› አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«ሰዓት ሠሪ።»

ሳቀች፤ ስትስቅ ደግሞ እንባዋ መጣ። ደስታ እንዲህ ሁለት በር አንድ ላይ ሲከፍት ታውቃላችሁ። ሜትሮኖሙን ወደ ራሷ ሳበች። «ምስሯን ላንሳልህ፤ ቀጥ ይበል።»

«ተያት» አለ ቸኮለ። እጁ ባንኮኒው ላይ ነበር፤ ጣቶቹ አልተንቀሳቀሱም፣ ትከሻው አልተነሳም። «የመጣሁት ለሌላ ነው። ለእውነተኛው ሰማንያ።»

«ቆጠርኩልህ እኮ። እውነተኛ ነው።»

«ያኛውን አላልኩም።»

ገባት። ጉንጯ ከጆሮዋ ቀድሞ ገባው። የቸኮለ ዓይን ከዓይኗ አልተነቀለም። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ግን ክብደቷን ወደ ላይ መለሰችና የተጻፈው ሰማንያ ላይ አቆመቻት። ብረቱን ለቀቀችው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከግድግዳው ሰዓት ጋር እኩል ሄደ።

«አንድ ደቂቃ ዝም በልልኝ» አለችው።

ዐሥረኛው ሰከንድ አለፈ፣ እግሩን አልቀየረም። ሃያኛው አለፈ፣ ኪሱን አልዳበሰም። ያ በቆመበት መቆም ያቃተው ሰው ዝም ብሎ፣ ረጋ ብሎ፣ ጊዜው ሁሉ የእሱ እንደሆነ ጠበቃት። እሷ በዚህ ጊዜ ዓይኗን ከሰዓቷ አንስታ እሱን አየችው፤ ስልሳውንም እያየችው ቆጠረች።

መጋረጃው ትንሽ ተገለጠ።

«ሰማንያ ነው ያላችሁት?» አሉ አባቷ። «ይሄኛውስ ውሸት ነው?»

«እውነት ነው አባዬ» አለች፣ የቸኮለን እጅ ይዛ። «ቆጥሬዋለሁ።»